ኮዱ ብልሽቱን እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይናገርም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በቅርቡ በተሽከርካሪ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት የበራበት አሽከርካሪ ነገሩን ችላ ሳይል ወደ ጋራዥ ሄዶ ኮዱን፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት መለያ፣ በማሽን እንዲያስነብብ መምከሩ ተገቢ ነው። መብራቱን በፕላስተር ሸፍኖ ወራት የሚነዳ ሰው አይጠፋምና ይህን ማሳሰብ ራሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቅሬታዬ ከዚያ ቀጥሎ በሰፈረው ምክር ላይ ነው፤ ጽሑፉ ኮዱ ከተነበበ በኋላ የሚቀረው ሥራ ኮዱ የጠቀሰውን ዕቃ ገዝቶ ማስለወጥ ብቻ እንደሆነ አድርጎ አቅርቦታል። ሥራዬ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ በመሆኑ፣ በዚህ አስተሳሰብ የተነሣ ደህናው ዕቃ ተነቅሎ በአዲስ ሲተካና መብራቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ሲበራ በየጊዜው አያለሁ። እርማቱ ምክሩን ላነበቡት ሰዎች እንዲደርስ በማሰብም ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ዕቃዎቹን የሚያይበት ዓይን እንደሌለው ማስታወስ ይበጃል። የሚያውቀው በሽቦ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው። ከየሴንሰሩ፣ ማለትም ሙቀትን፣ አየርንና የመሳሰለውን ከሚለካው ዕቃ፣ የሚመጣውን ቮልቴጅ በውስጡ ከተቀመጠለት ገደብ ጋር ያነጻጽራል፤ ንባቡ ከገደቡ ሲያልፍ ወይም የሌሎቹ ሴንሰሮች ንባብ ከሚለው ጋር አልገጥም ሲል ብልሽቱን በኮድ ይመዘግባል፤ አብዛኞቹ ኮዶች መብራቱን የሚያበሩትም ያው ብልሽት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ላይ ሲደገም ነው። ንባቡን ያዛባው ሴንሰሩ ራሱ ይሁን፣ የተላጠ ሽቦ ይሁን፣ በሶኬቱ ውስጥ የገባ እርጥበት ይሁን፣ ወይም ሴንሰሩ በታማኝነት የሚናገረው እውነተኛ የሞተር ችግር ይሁን፣ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያንን መለየት የሰው ሥራ ነው፤ ምርመራ የምንለውም ይኸው ነው።

የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰርን ለምሳሌ እንውሰድ። በብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን የመቃወም ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ በአንደኛው ሽቦ 5 ቮልት ይልክና በሴንሰሩ ምክንያት ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ በማየት ሙቀቱን ያሰላል። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢላቀቅ ቮልቴጁ 5 ላይ ይቆማል፤ በመመርመሪያ ማሽኑ ላይም የሞተሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል፤ ፒ0118 የተባለው ኮድም ይመዘገባል። ይህ ኮድ የሚለው በሙቀት ሴንሰሩ መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ነው፤ ሴንሰሩ ሞቷል የሚል ነገር አልወጣውም። እውነቱን ለማወቅ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የሶኬቱን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ የማሽኑን ንባብ መመልከት ይበቃል። ንባቡ ከዜሮ በታች 40 ተነሥቶ ከ100 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸውና ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱን በልበ ሙሉነት መግዛት ይቻላል። ንባቡ ከነበረበት ካልተነቃነቀ ግን ስንትም አዲስ ሴንሰር ቢደረደር ፋይዳ የለውም፤ ሽቦውን እየተከተሉ መሄድ ነው። ይህን ሙከራ የሚያደርግ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል፦ አንደኛ፣ ሦስት ሽቦ ባላቸው ሴንሰሮች ላይ እንዲህ ማገናኘት ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል አይሞከርም፤ ሁለተኛ፣ አንዳንድ መኪኖች ብልሽት ሲያውቁ በእውነተኛው ንባብ ፋንታ ምትክ ቁጥር ስለሚያሳዩ የመኪናውን የጥገና መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲት አጭር ሽቦና ጥቂት ደቂቃ የሚመልሱትን ጥያቄ ነው ብዙ ሰው በግዢ ሊመልስ የሚሞክረው።

ስለ ኮዶቹ አሰያየምም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ መኪኖች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቀላል ተሽከርካሪዎች ኦቢዲ 2 የተባለውን ወይም የእሱን አቻ የሆነ ወጥ የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ግዴታ ሆኗል። ከመሪው በታች የምትገኘው ባለ 16 ጫፍ ሶኬት የዚሁ ሥርዓት አካል ናት። ኮዱ በፒ ሲጀምር ነገሩ የሞተርና የማርሽ ሳጥን ነው፤ ከፒው ቀጥሎ 0 ካለ ትርጉሙ በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ነው፤ 1 ካለ ግን አምራቹ ለራሱ ያወጣው ስለሆነ፣ የአንዱን መኪና ፒ1 ኮድ በሌላው መኪና ሰንጠረዥ መተርጎም ሰውን ገደል ይከታል። ርካሽ የኮድ ማንበቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ ሲወጣበት የማየው ኮድ ፒ0171 ነው። ትርጉሙ ሞተሩ የሚያቃጥለው ድብልቅ ሳስቷል፣ ማለትም ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ነዳጁ አንሷል የሚል ነው። ይህን ወሬ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ፣ ኮዱ እንደተነበበ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ይሆናል። ይህ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ የጮኸውን ሰው አስሮ ሌባውን እንደ መልቀቅ ነው። ሴንሰሩ ድብልቁ ሳስቷል ካለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በእርግጥ ሳስቶ እንደሆነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳስቶ ይገኛል። ምክንያቱ አየር ከሴንሰር ተሰውሮ የሚገባበት የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጋስኬት፣ የቆሸሸ የአየር መጠን መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ወይም ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ የጭስ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ ኮዱ አንድ ነው።

እነዚህን እርስ በርስ የሚለያቸው ቁጥር ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ ምስክርነት ላይ ተመሥርቶ በየቅጽበቱ የሚረጨውን ነዳጅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ይህንንም የነዳጅ ማስተካከያ በመቶኛ ያሳያል። በደህና ሞተር ላይ ይህ ቁጥር በዜሮ ዙሪያ ይመላለሳል፤ ከ10 በመቶ በላይ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ነገር እንዳለ ያመለክታል፤ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ኮዱ ይመዘገባል። እንግዲህ ሞተሩን አሙቆ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ እንዲሠራ መተውና ቁጥሩን ማየት ነው። በሚኒሞ 20 ወይም 25 በመቶ የነበረው ቁጥር፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ወደ 2500 ከፍ ሲደረግ ወደ 5 ከወረደ፣ አየር በአንድ ቦታ እየሰረገ መሆኑን በከፍተኛ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ምክንያቱም በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቁ የሚገባው ድርሻው ከባድ ነው፤ ዙሩ ሲጨምር ግን በዋናው መንገድ በሚገባው ብዙ አየር ውስጥ የስንጥቁ ድርሻ ይዋጣል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና የነበረው ቁጥር መኪናው ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲይዝ የሚያሻቅብ ከሆነ፣ ነዳጁ በበቂ ሁኔታ እየደረሰ አይደለም ወይም የአየር መለኪያው የሚገባውን አየር አሳንሶ እየነገረ ነው፤ ያን ጊዜ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ማሰር ተገቢ ይሆናል። ሞተሩ ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ከሆነና ፒ0171 ለሁለተኛው ረድፍ ያው ትርጉም ካለው ከፒ0174 ጋር አብሮ ከመጣ ደግሞ ችግሩ ሁለቱም ረድፎች የሚጋሩት ነገር መሆኑን ይጠቁማል፤ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች በአንድ ቀን ተነጋግረው አይበላሹምና።

የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ ቀጥሎ የአየር መለኪያው፣ በመጨረሻም የነዳጅ ፓምፑ ተለውጦለት መብራቱ አልጠፋ ያለ መኪና እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። በሚኒሞና በከፍተኛ ዙር የነዳጅ ማስተካከያው ሲታይ ቁጥሮቹ አየር እንደሚሰርግ ወዲያው ተናገሩ። በአየር ማስገቢያው ውስጥ ጭስ ሲነፋ፣ ከሞተሩ የሚወጣውን የዘይት ትነት መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ከሚወስደው የጎማ ቱቦ ሥር ቀጭን የጭስ መስመር ወጣ። ስንጥቁ ያለው በቱቦው ክርን ሥር፣ ከላይ በማይታይበት በኩል ነበር፤ ቱቦው በጣት ካልተጎነበሰ በስተቀር ከንፈሮቹ ገጥመው ስለሚተኙ ዓይን አያገኘውም። የተለወጡት ዕቃዎች ሁሉ ደህና ነበሩ፤ አንዳቸውም ተለክተው አልነበረም የተፈረደባቸው።

ፒ0420 ላይ ብዙ አልቆይም። ይህ ኮድ የጭስ ማጣሪያው፣ ማለትም ካታሊስቱ፣ ብቃቱ ከገደብ በታች ወርዷል የሚል ሲሆን፣ ውድ ግዢ ከሚያስከትሉት ኮዶች አንዱ ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለው የተለመደው ዓይነት የኦክስጅን ሴንሰር ቮልቴጅ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ መዋዠቅ ይኖርበታል፤ ከበስተኋላው ያለው ደግሞ ካታሊስቱ ኦክስጅን ይዞ የሚለቅ ስለሆነ ረጋ ብሎ ከ0.6 ቮልት አካባቢ መቆየት አለበት። የኋላው እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ሲጀምር ካታሊስቱ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን የጭስ ቱቦው አለማፍሰሱ፣ ሞተሩም ሳያቃጥል የሚያሳልፈው ነዳጅ አለመኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ከዚህም በላይ ካታሊስቱ በእርግጥ ሞቶ ቢገኝ እንኳ የገደለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አዲስ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም ነዳጅ የሚያበዛ ኢንጄክተር (ነዳጁን የሚረጨው ዕቃ) አሮጌውን እንደገደለ አዲሱንም ይገድለዋል።

ሞተር ሲቆራርጥ የሚመጡት ኮዶች፣ ማለትም ፒ0300 እና ተከታዮቹ፣ ከሁሉም ይልቅ ያለ ወጪ ለመመርመር የተመቹ ናቸው። ከፒ0301 ጀምሮ የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይናገራል፤ ፒ0301 አንደኛው፣ ፒ0303 ሦስተኛው ሲሊንደር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ኮይል (ለካንዴላው ብልጭታ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ዕቃ) ባለው ሞተር ላይ ፒ0301 ቢመጣ፣ የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር ማቀያየርና ሞተሩን ማስነሣት ነው። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ፒ0301 ላይ ከቆየ ኮይሉ ነጻ ይወጣና በካንዴላው ላይ ይኸው ይደገማል፤ ከዚያ ኢንጄክተሩ፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩ ኮምፕረሽን ይለካል። ይህን የሚያህል ቀላል ሙከራ እያለ አራቱንም ኮይሎች በአንድ ላይ ማስለወጥ ለምን እንደሚመረጥ አይገባኝም። በነገራችን ላይ፣ ሞተሩ እየቆራረጠ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካታሊስቱ እየሄደ በከፍተኛ ሙቀት እያቃጠለው ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ነዳጅ መስጫውን ቀለል አድርጎ፣ አስተማማኝ ቦታ ሲገኝ መኪናውን ማቆም ይገባል። ጽሑፋችሁ ሳያቋርጥ በሚበራና በሚርገበገብ መብራት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት አላነሣውም።

አንድ ሰው ማሽኑ የሦስትና የአራት ሴንሰሮችን ኮድ በአንድ ጊዜ ሲያወጣለት ሁሉም የተበላሹ መስሎት ይደነግጣል። እውነታው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ብዙ ሴንሰሮች ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን አንድ የ5 ቮልት መስመር ይጋራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ በውስጡ ሾርት ሲያደርግ መስመሩን ወደ ታች ይጎትተውና ሌሎቹ ሁሉ የታመሙ ይመስላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በመስመሩ ላይ ቮልት ሜትር አስሮ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ቮልቴጁ ወደ 5 የሚመለሰው ጥፋተኛው ሲነቀል ነው። ከዚያም በፊት ባትሪውን መለካት አይርሳ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በብዙ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። የደከመ ባትሪና የዛገ የማሳ ሽቦ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው) የሚያስመዘግቡትን የውሸት ኮድ ብዛት ያላየ ሰው አያምነውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ መኪናው ምርመራ ዘንድ ሳይደርስ ኮዱን ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ብልሽቱን ሲመዘግብ የዚያን ቅጽበት ሁኔታ፣ ማለትም የሞተሩን ዙር፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ሞተሩ የተሸከመውን ጭነትና የነዳጅ ማስተካከያውን አብሮ ይጽፋል። ብልሽቱ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በሚኒሞ የመጣ ይሁን ወይስ በፈጣን መንገድ ላይ ሲነዳ፣ መዝገቡ ይናገራል፤ ይህም በተለይ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ለሚል ብልሽት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ኮዱ ሲጠፋ፣ በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ የባትሪው ገመድ ሲነቀልም፣ ይህ መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው ፍተሻዎች ውጤትም ከዜሮ ይጀምራል። «አጥፍተን እንየው» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ በተግባር ምስክሩን አሰናብቶ ችሎት እንደ መቀመጥ ይሆናል። ችግሩ በእርግጥ ከተወገደ መብራቱ ብልሽቱ ባልተደገመባቸው ሦስት ተከታታይ ጉዞዎች በኋላ በራሱ የሚጠፋ ስለሆነ ለማጥፋት መጣደፍም አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ባለመኪናው ለዕቃ ያለ ክርክር እየከፈለ፣ ለምርመራ ሲጠየቅ ግን «ምን ሠራህና?» የሚል ከሆነ፣ መካኒኩ ከመለካት ይልቅ መግጠምን ቢመርጥ አይደንቅም፤ የተገጠመ ዕቃ በዓይን ይታያል፣ ሽቦ ሲከተል የዋለ ሰው ግን እጁን ብቻ ነው ያቆሸሸው። ስለዚህ ምርመራ ራሱን የቻለ፣ ዋጋው አስቀድሞ የሚነገር ሥራ ሆኖ መታየት አለበት። ባለመኪናውም ለከፈለበት ምርመራ በጽሑፍ መልስ የማግኘት መብት አለው፤ የትኞቹ ኮዶች እንደተገኙ፣ ምን እንደተለካ፣ ንባቡ ስንት እንደነበረና ስንት መሆን እንደነበረበት በአንድ ወረቀት ላይ ሊሰፍርለት ይችላል። «ይህ ሴንሰር መበላሸቱን በምን አወቅህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ኮዱ ስላለ» ብቻ ከሆነ ምርመራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ሁልጊዜ ይህን ሁሉ መሄድ ግድ ነው እያልሁ አይደለም። የመለወጫ ጊዜያቸው ያለፈ ካንዴላዎችና የአየር ፊልትሮ ከምርመራው በፊት ቢለወጡ ክፋት የለውም፤ ለነገሩ መለወጥ የነበረባቸው ናቸው። የነዳጅ ትነት መፍሰስን የሚያመለክተው ፒ0455 ሲመጣም የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከነጎማው አይቶ አጥብቆ መክደን ከማንኛውም ማሽን ይቀድማል። የዘይት ግፊት ወይም የሞተር ሙቀት ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ ኮድ ፍለጋ መሄድ አይገባም።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት ኮዶችን ሲዘረዝር ከእያንዳንዱ ኮድ አጠገብ የሚለወጠውን ዕቃ ስም በመጻፍ ፋንታ፣ በመጀመሪያ ምን እንደሚለካና ከደህና ሞተር የሚጠበቀው ንባብ ስንት እንደሆነ ቢያሰፍር እጠይቃለሁ። ለመጀመሪያው ጊዜ የፒ0171ን፣ የፒ0420ንና የፒ0300ን ዝርዝር እኔው አዘጋጅቼ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ባለሙያ